በፋይል ሲስተም ኮድ ውስጥ ዴድሎክን ስለመከላከል

ዴድሎክ፣ ማለትም ሥራዎች እርስ በርስ እየተጠባበቁ ለዘላለም መቆም፣ የገባበት ማሽን የሞተ አይመስልም። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ በኔትወርክ የገባ ሰውም እንደ ወትሮው ይስተናገዳል፤ ነገር ግን በአንድ ዳይሬክተሪ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ለመዘርዘር የተሰጠ ትእዛዝ መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። ኮንትሮል ሲ ቢጫኑ አይቆምም፣ ኪል ዘጠኝ ቢልኩበትም አይሞትም፤ የፕሮሰሶች ዝርዝር ሲታይ ከጎኑ የዲ ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ይህም ሲግናል ሊቀሰቅሰው በማይችል እንቅልፍ ላይ መሆኑን ያመለክታል። የከርነሉ ቅንብር ካልተቀየረ በቀር፣ ያ ፕሮሰስ ከ120 ሰከንድ በላይ መታገዱን የሚናገር መልእክት ሎጉ ላይ ይሰፍራል።

ይህ መመሪያ የሊኑክስ ከርነል ሞጁል መጻፍ ለጀመሩና የራሳቸውን ፋይል ሲስተም ለሚሠሩ፣ ወይም ያለውን ለሚያሻሽሉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። እኔ የምሠራው ከአዲስ አበባ ዳር፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕና በውስጡ በሚነሡ ሁለት ቨርቹዋል ማሽኖች ነው። ይህን የምጠቅሰው ዴድሎክን ለማደን ትልቅ ሰርቨር እንደማያስፈልግ፣ እንዲያውም ሜሞሪ ያነሰው ማሽን የተሻለ አጋላጭ እንደሆነ ከታች ስለማሳይ ነው።

ኮፍማን፣ ኤልፊክና ሾሻኒ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስቀመጡት፣ ዴድሎክ እንዲፈጠር አራት ነገሮች በአንድነት መገኘት አለባቸው፤ ሀብቱ በአንድ ጊዜ በአንድ ብቻ የሚያዝ መሆኑ፣ አንዱን ይዞ ሌላውን መጠበቅ መኖሩ፣ የተያዘውን በግድ ማስለቀቅ አለመቻሉ፣ እና ጠባቂዎቹ ዙሪያ ገጥመው አንዱ የሌላውን መጠበቁ። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ዴድሎክ የለም። በፋይል ሲስተም ውስጥ ግን የመጀመሪያውን ልንነካው አንችልም፤ ሁለት ጸሐፊዎች የብሎክ ካርታውን በአንድ ጊዜ ከነኩት አንዱ ብሎክ ለሁለት ፋይል ይሰጣል። ሦስተኛውንም እንዲሁ፤ ዳይሬክተሪን በግማሽ ከቀየረ ትሬድ (በራሱ የሚሮጥ የሥራ ክር) ላይ ሎኩን፣ ማለትም ሀብቱን የሚያስይዘውን ቁልፍ፣ መንጠቅ ዲስኩን ማበላሸት ነው። ሁለተኛውን አልፎ አልፎ እንሰብረዋለን። አብዛኛው ሥራ የሚያርፈው በአራተኛው፣ ማለትም ክቡ እንዳይገጥም በማድረግ ላይ ነው።

ቅደም ተከተሉን አስቀድሞ መጻፍ

ክብ የሚገጥመው አንዱ ትሬድ ሀን ይዞ ለን ሲጠይቅ፣ ሌላው ለን ይዞ ሀን ሲጠይቅ ነው። ሁሉም ሁልጊዜ ሀን ቀድሞ የሚይዝ ከሆነ ክቡ ሊፈጠር አይችልም። ይህ ቀላል ሐሳብ ነው፤ ችግሩ ኮዱ ሲያድግ ማን ምን ቀድሞ እንደሚይዝ የሚያስታውስ ሰው መጥፋቱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ተግባር፣ አንድም የሎክ መስመር ሳይጻፍ፣ በዋናው የሶርስ ፋይል አናት ላይ ቅደም ተከተሉን በኮሜንት ማስፈር ነው። በሊኑክስ የፔጅ ካሽን (የፋይል ይዘት ፔጅ በሚባሉ የሜሞሪ ቁራጮች የሚቀመጥበትን) ኮድ የያዘው ፋይል አናት ላይ እንዲህ ያለ ረጅም ዝርዝር አለ፤ የዳይሬክተሪ መግቢያዎችን ካሽ የያዘው ፋይልም የራሱ አለው። እነዚህን ሁለቱን ማንበብ ለጀማሪ ከብዙ ትምህርት ይበልጣል።

ጆርናል፣ ማለትም ለውጦች አስቀድመው የሚሰፍሩበት መዝገብ፣ ላለው ፋይል ሲስተም እኔ የምጽፈው ቅደም ተከተል ከውጭ ወደ ውስጥ እንዲህ ነው፤ በመጀመሪያ ፋይል ሲስተሙን ከማቀዝቀዝ (ጽሕፈትን ሁሉ ለጊዜው ከማቆም) የሚጠብቀው ፈቃድ፣ ቀጥሎ የአይኖዱ (ስለ አንድ ፋይል የሚይዘው መዝገብ) ሎክ፣ ቀጥሎ የጆርናል ትራንዛክሽን (አብረው የሚጸኑ ለውጦች ስብስብ) መክፈት፣ ቀጥሎ የፔጅ ሎክ፣ ቀጥሎ የብሎክ ካርታው ሎክ፣ በመጨረሻም መተኛት የማይፈቀድባቸው ስፒንሎኮች። ትራንዛክሽን መክፈት ሎክ ሳይሆን ለምን በዝርዝሩ እንደገባ ወደኋላ እመለስበታለሁ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት ይጻፉ። ምክንያት የሌለው ቅደም ተከተል ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው ለጊዜው እንዲመቸው ብሎ ይገለብጠዋል፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ ጸሐፊው ነው።

ዓይነታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሎኮች፣ ለምሳሌ የሁለት ፋይሎች አይኖድ ሎክ፣ አብረው መያዝ ሲኖርባቸው በስም ሊለዩ ስለማይችሉ ሌላ መለያ ያስፈልጋል። የአይኖድ ቁጥር ይሆናል፤ የሜሞሪ አድራሻም ይሆናል፤ አድራሻው ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ቢለያይም ዕቃው በሕይወት እስካለ ድረስ አይቀየርምና። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ዲስኩን ከፋፍሎ የሚያስተዳድርባቸውን ክፍሎች ከአንድ በላይ ሲይዝ ከትንሹ ቁጥር ወደ ትልቁ መሄዱ የዚሁ ደንብ ሌላ መልክ ነው። እዚህ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ሁለቱ ፋይሎች አንድ ሆነው ሊመጡ ይችላሉ። ንጽጽሩ የሚጠይቀው ትንሽ ወይስ ትልቅ ብቻ ከሆነ፣ እኩል የሆኑ ዕለት ትሬዱ ያንኑ ሎክ ሁለት ጊዜ ጠይቆ በራሱ ላይ ይቆልፋል።

ፋይልን ከዳይሬክተሪ ወደ ዳይሬክተሪ ማዛወር

ከፋይል ሲስተም ተግባራት ሁሉ በሎክ ረገድ ክፉው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ሎኮቹን የምንደረድርበትን ዛፍ ራሱን ይለውጣል። በዳይሬክተሪዎች መካከል ያለው ደንብ ወላጅ ከልጅ በፊት ይያዛል የሚል ነው። ወላጅና ልጅ የሚለዋወጡ ከሆነ ግን ደንቡ የቆመበት መሬት ይነዋወጻል።

በቅርብ እንየው። ከሥሩ ላይ ቤት እና ሥራ የተባሉ ሁለት ዳይሬክተሪዎች አሉ። በቤት ውስጥ ሰነድ፣ በሥራ ውስጥ ምስል የተባሉ ዳይሬክተሪዎች አሉ። አንድ ፕሮሰስ ሰነድን አንሥቶ ምስል ውስጥ ሊከት ይፈልጋል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት ምስልን አንሥቶ ሰነድ ውስጥ ሊከት ይፈልጋል። የመነሻውንና የመድረሻውን ወላጅ ሎክ ብቻ ብንይዝ የመጀመሪያው የሚይዘው ቤትን እና ምስልን፣ ሁለተኛው የሚይዘው ሥራን እና ሰነድን ነው። አንድም የጋራ ሎክ የላቸውምና አይጋጩም። ሁለቱም መድረሻዬ በማነሣው ዳይሬክተሪ ሥር አለመሆኑን ላረጋግጥ ብለው ዛፉን ይመለከታሉ፤ ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ያገኛሉ፤ ሁለቱም ያዛውራሉ። ውጤቱ ሰነድ በምስል ውስጥ፣ ምስል በሰነድ ውስጥ ሆነው፣ ከሥሩ ተቆርጠው በአየር ላይ የቀሩ ሁለት ዳይሬክተሪዎች ናቸው። ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ አሉ፤ ወደ እነርሱ የሚወስድ መንገድ ግን የለም። ወላጅ ቀድሞ ልጅ ተከትሎ የሚለው ደንብም ለእነዚህ ሁለቱ ከዚያ በኋላ ትርጉም የለውም።

ሊኑክስ ይህን የሚከላከለው መነሻና መድረሻው የተለያዩ ዳይሬክተሪዎች በሆኑ ጊዜ አስቀድሞ ለጠቅላላው ፋይል ሲስተም አንድ የሆነ የማዛወሪያ ሚውቴክስ (በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚይዘው ሎክ) በመያዝ ነው። የአንድ ዳይሬክተሪ ወላጅ የሚቀየረው በእንዲህ ዓይነቱ ማዛወር ብቻ ስለሆነ፣ ሚውቴክሱ እስከተያዘ ድረስ ዛፉ ቅርጹን አይለውጥም። ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላው ቅድመ አያት እንደሆነ ይጣራል፤ ከሆነ ቅድመ አያቱ ቀድሞ ይያዛል፤ ዝምድና ከሌላቸው በአንድ ቋሚ ቅደም ተከተል ይያዛሉ። መላው ፋይል ሲስተም በአንድ ሚውቴክስ መታሰሩ ለፍጥነት የማይመች ይመስላል፤ ሆኖም በዳይሬክተሪዎች መካከል ማዛወር ከማንበብና ከመጻፍ ጋር ሲነጻጸር እምብዛም ነው፤ በዚህ ቦታ ብልጠት ከማሳየት ዝግ ማለቱን እመርጣለሁ።

የፋይል ሲስተም ጸሐፊው ይህን ሥራ ራሱ አይሠራም፤ የላይኛው ንብርብር፣ ቪኤፍኤስ፣ ሎኮቹን ይዞ የእርስዎን የማዛወሪያ ፈንክሽን ይጠራል። ማወቅ የሚያስፈልገው ሁለት ስሕተት ላለመሥራት ነው። አንደኛው፣ አስቀድመው የተያዙትን ሎኮች በፈንክሽንዎ ውስጥ እንደገና መጠየቅ፤ ሁለተኛው፣ የራስዎን የውስጥ ሎክ አንድ ቦታ ላይ ከእነዚህ በፊት፣ ሌላ ቦታ ላይ ከእነዚህ በኋላ መያዝ። የእርስዎ ሎኮች ሁልጊዜ ከቪኤፍኤስ ሎኮች በታች ይሁኑ።

ሎክ ያልተባለ መጠበቅ

እስካሁን ያለው በየትኛውም የኦፐሬቲንግ ሲስተም መማሪያ ይገኛል። ከልምዴ እንዳየሁት ግን የፋይል ሲስተም ዴድሎኮች በብዛት የሚመጡት ማንም ሎክ ብሎ ካልጠራው መጠበቅ ነው። ከቀድሞ ሰፈሬ ወደዚህ ስዛወር አዲሱ ጽሕፈት ቤት መታወቂያ ለማውጣት የቀድሞውን መሸኛ አምጣ አለኝ፤ የቀድሞው ደግሞ መሸኛ ለመጻፍ ከአዲሱ ቤት የነዋሪነት ማረጋገጫ አምጣ አለኝ። በሁለቱም በር ላይ ቁልፍ አልነበረም፤ ሁለቱም ክፍት ነበሩ። በከርነል ውስጥም ሜሞሪ መጠየቅ፣ የጆርናል ቦታ መጠየቅና የተጠቃሚን ሜሞሪ መንካት ልክ እንደዚህ ክፍት በር የሚመስሉ መጠበቆች ናቸው።

ከሜሞሪ ልጀምር፤ የተቃጠልኩበት እርሱ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ደንበኛ የሴንሰር መረጃ የሚያጠራቅም አነስተኛ ፋይል ሲስተም እጽፍ ነበር። ነጻ ብሎኮችን የሚመዘግበውን ቢትማፕ የሚጠብቅ አንድ ሚውቴክስ ነበረኝ፤ የካርታ ሎክ እንበለው። ብሎክ የሚሰጠው ፈንክሽን የካርታ ሎኩን ይይዛል፣ ቢትማፑን ይመረምራል፣ ከዚያ የተገኘውን ክልል የሚመዘግብ ትንሽ ስትራክት ለመፍጠር በተለመደው ፍላግ፣ በጂኤፍፒ ከርነል፣ ሜሞሪ ይጠይቃል። በሌላ በኩል እያንዳንዱ አይኖድ ወደፊት ለሚጻፍ መረጃ ጥቂት ብሎኮችን አስቀድሞ ይይዝ ስለነበር፣ አይኖዱ ከሜሞሪ ሲሰናበት እነዚያን ብሎኮች ለመመለስ ያንኑ የካርታ ሎክ ይይዛል። ሁለቱ ፈንክሽኖች በተለያዩ ፋይሎች ውስጥ፣ በወራት ልዩነት የተጻፉ ነበሩ፤ ለየብቻ ሲነበቡ አንዳቸውም እንከን የለባቸውም።

16 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ዴስክቶፔ ላይ ለሳምንታት ያለ ችግር ሠራ። ደንበኛው ጋ ያለው ሰሌዳ ግን 256 ሜጋባይት ብቻ ነበረው፤ በሁለተኛው ቀን ቆመ። የቆመውን ትሬድ ጥሪዎች ከላይ ወደ ታች ሳነብ መጀመሪያ ያለው ሚውቴክስ መጠበቂያው ነው፤ ከሥሩ ብሎክ መመለሻዬ፤ ከሥሩ አይኖድ ማሰናበቻው፤ ከሥሩ ካሽ የሚያራግፈው ሽሪንከር፤ ከሥሩ ሜሞሪ ማስለቀቂያው፤ ከሥሩ ሜሞሪ መጠየቂያው፤ ከሥሩ ደግሞ ብሎክ መስጫዬ። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ነጻ ፔጅ ሲጠፋ ከርነሉ ሜሞሪ የጠየቀውን ትሬድ ራሱን ማስለቀቅ ላይ ያሰማራዋል፤ ትሬዱ ሥራ የፈቱ አይኖዶችን ከካሽ ሲያወጣ የእኔው አይኖድ ላይ ይደርሳል፤ ማሰናበቻው የካርታ ሎኩን ይጠይቃል፤ ሎኩን የያዘው ግን ያው ትሬድ ነው። የኮፍማን ክብ የግድ ሁለት ሰው አያስፈልገውም።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ አለው፤ ደረጃውንም እንደ ጥራቱ ነው የማስቀምጠው። ከሁሉ የሚሻለው ስትራክቱን ሎኩ ከመያዙ በፊት ፈጥሮ መግባት፣ ካላስፈለገ ሎኩ ከተለቀቀ በኋላ መጣል ነው። ይህ በማይቻልበት ቦታ፣ ሎኩ በተያዘበት ክልል መግቢያና መውጫ ላይ ሜሞሪ ሲለቀቅ ወደ ፋይል ሲስተም አትመለስ የሚለውን ሁኔታ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል፤ ይህ አሠራር በሊኑክስ 4.12፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ገብቷል፤ ጥቅሙም ክልሉ ውስጥ የሚጠሩ ፈንክሽኖች ሁሉ፣ እርስዎ ያልጻፏቸውም ጭምር፣ በዚያ ሁኔታ ሥር መግባታቸው ነው። ሦስተኛው በእያንዳንዱ የሜሞሪ ጥያቄ ላይ ይህንኑ ክልከላ የሚናገረውን የኖኤፍኤስ ፍላግ መጻፍ ነው፤ ይሠራል፣ ግን አንዷ ጥሪ ከተረሳች ከንቱ ነው። ለጥንቃቄ ብሎ ኖኤፍኤስን በየቦታው መርጨትም ትክክል አይደለም። ከርነሉ ሜሞሪ የሚያስለቅቅበትን ትልቁን ምንጭ ዘግቶበት፣ ያልነበረ የሜሞሪ እጥረት ይፈጥራል።

ሁለተኛው ክፍት በር የተጠቃሚው ሜሞሪ ነው። አንድ ፕሮግራም አንድን ፋይል በኤምማፕ ወደ ሜሞሪው አምጥቶ፣ ያንኑ ክልል እንደ ምንጭ አድርጎ ወደዚያው ፋይል፣ ወደዚያው ፔጅ ይጽፋል እንበል። ከርነሉ መድረሻውን ፔጅ ሎክ ያደርጋል፤ ከምንጩ መቅዳት ሲጀምር ምንጩ ሜሞሪ ውስጥ የለምና ፔጅ ፎልት ይነሣል፤ ፎልቱን የሚያስተናግደው ኮድ ፔጁን ከዲስክ ለማንበብ የፔጁን ሎክ ይጠይቃል፤ ያ ፔጅ ግን አሁን የተቆለፈው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማን ይጽፋል ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ማሽኑን ሆን ብሎ ሊያቆም የሚፈልግ ሰው ይጽፈዋል።

በሊኑክስ ያለው መፍትሔ ሊጠና የሚገባው ነው። ለረጅም ጊዜ በቆየው አሠራር፣ ፔጁ ሎክ ከመደረጉ በፊት የምንጩ ሜሞሪ አንድ ጊዜ ተነክቶ እንዲመጣ ይደረጋል። ከዚያ ፔጁ ይቆለፋል፤ ቅጂውም ፔጅ ፎልት በተከለከለበት ሁኔታ ይከናወናል። በሁለቱ መካከል ምንጩ ተመልሶ ከሜሞሪ ወጥቶ ከሆነ ቅጂው ይጎድላል፤ ያን ጊዜ ሎኩ ይለቀቃል፣ ምንጩ እንደገና ይነካል፣ ሥራው ከቀረበት ይቀጥላል። ከዚህ የሚወሰደው ልማድ፣ ሎክ ይዘው የተጠቃሚ ሜሞሪ የሚነኩበትን ቦታ ሁሉ ፈልገው፣ ፔጅ ፎልቱ ተመልሶ የእርስዎን ፋይል ሲስተም ሊጠራ እንደሚችል አድርገው ማንበብ ነው። የራስዎን የቁጥጥር ጥሪዎች፣ አይኦክትሎችን፣ በተለይ ይፈትሹ፤ ዋናውን የጽሕፈት መንገድ ብዙ ሰው አይቶታል፣ እነርሱን ግን ከእርስዎ በቀር ያየ የለም።

ሦስተኛው ጆርናሉ ነው፤ ትራንዛክሽን መክፈት በዝርዝሬ ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው። ትራንዛክሽን የሚከፍት ትሬድ ጆርናሉ ሞልቶ ከሆነ ቀዳሚው ኮሚት እስኪደረግ (ዲስክ ላይ ተጽፎ እስኪጸና) ይጠብቃል። እንደ ኢኤክስቲ4 ባለ ፋይል ሲስተም፣ ሜታዳታው (ስለ ፋይሉ የሚናገረው መረጃ) ከመጻፉ በፊት ዳታው ይጻፍ በሚለው የተለመደ አሠራር፣ ኮሚቱ ራሱ የዳታ ፔጆች እስኪጻፉ ይጠብቃል፤ ፔጅ ለመጻፍ ደግሞ የፔጅ ሎክ ያስፈልጋል። እንግዲህ የፔጅ ሎክ ይዞ ትራንዛክሽን ልክፈት ያለ ትሬድ ኮሚቱን ሲጠብቅ፣ ኮሚቱ እርሱ የያዘውን ፔጅ ሊጠብቅ ይችላል። ትራንዛክሽን መክፈት ከፔጅ ሎክ መቅደም አለበት የሚለው ደንብ የመጣው ከዚህ ነው። ኮሚታቸው የዳታ ጽሕፈትን የማይጠብቅ ፋይል ሲስተሞች ግን ተቃራኒውን ቅደም ተከተል ያለ ጉዳት ሊመርጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ የሌላ ፋይል ሲስተም ቅደም ተከተል ከምክንያቱ ጋር እንጂ ብቻውን አይቀዳም።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፋቸው። የአይኖድን የመጨረሻ ማጣቀሻ መልቀቅ ቀላል የቁጥር ቅነሳ ይመስላል፤ ፋይሉ ተሰርዞ ከነበረ ግን ያ ቅነሳ ብሎኮቹን ሁሉ የሚያስለቅቅ ረጅም ሥራ ይቀሰቅሳል፣ ትራንዛክሽንም ይከፍታል፤ ስለዚህ ማጣቀሻን ሎክ ከተለቀቀና ትራንዛክሽን ከተዘጋ በኋላ ይልቀቁ። ሎክ ይዘው ለጀርባ ሠራተኛ የተሰጠ ሥራ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ ሠራተኛው ያንኑ ሎክ ሊፈልግ ይችላል። የአንባቢና ጸሐፊ ሎክን ለንባብ ሁለት ጊዜ መያዝ ምንም አይደለም ብለው አያስቡ፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል አንድ ጸሐፊ ወረፋ ከያዘ፣ ሁለተኛው የንባብ ጥያቄ ከጸሐፊው ኋላ ይሰለፋል፣ ጸሐፊው ደግሞ የመጀመሪያውን ይጠብቃል። ለባካፕ ፋይል ሲስተምን ማቀዝቀዝም ሁሉም ጸሐፊ የሚቆምበት መጠበቅ ስለሆነ የጽሕፈት ፈቃዱ ከማናቸውም ሎክ በፊት ይወሰዳል፤ ፔጅ ፎልት የሚነሣው የሜሞሪ ካርታው ሎክ ተይዞ ስለሆነ ለእርሱ የተለየ የፈቃድ ደረጃ ተሰጥቶታል።

ቅደም ተከተሉን ማክበር ሲያቅት

አንዳንዴ ኮዱ የሚደርሰው በተገላቢጦሽ ነው። በዳይሬክተሪ መግቢያዎች ካሽ ውስጥ የአይኖዱ ስፒንሎክ ከመግቢያው ስፒንሎክ መቅደም አለበት፤ መግቢያውን የሚያሰናብተው ኮድ ግን በመግቢያው ጀምሮ ነው አይኖዱን የሚያገኘው። በዚህ ጊዜ ይሞከራል እንጂ አይጠበቅም፤ ሎኩ በሙከራ ካልተገኘ የተያዘው ይለቀቃል፣ ሁለቱም በትክክለኛው ቅደም ተከተል እንደገና ይያዛሉ።

ይህ የኮፍማንን ሁለተኛ ሁኔታ መስበር ነው፤ ዋጋም አለው። ሎኩ ተለቅቆ እንደገና እስኪያዝ ድረስ ዓለም ትለወጣለች፤ ፋይሉ ተሰርዞ፣ መግቢያው ወደ ሌላ ዳይሬክተሪ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሎኩ በፊት የተረጋገጠ ነገር ሁሉ እንደገና ይረጋገጣል። በክለሳ ላይ የማያቸው አብዛኞቹ የሙከራ ሎኮች ዴድሎኩን አስቀርተው፣ ማረጋገጫውን በመርሳት የዳታ መበላሸት የሚተኩ ናቸው፤ ከሁለቱ ዴድሎኩን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሙከራው ካልተሳካ ዝም ብሎ የሚዞር ዑደትም መጻፍ አይገባም፤ ሁለት ትሬዶች እርስ በርስ እየተላለፉ ማንም ሳይሠራ ሲፒዩው ሊነድ ይችላል።

ሎክዴፕን መጠቀምና አለማታለል

ኢንጎ ሞልናርና አርያን ቫን ደ ቬን የሠሩት፣ የሎኮችን ቅደም ተከተል የሚከታተለው ሎክዴፕ እ.ኤ.አ. በ2006፣ በሊኑክስ 2.6.18 ውስጥ ገባ። የሚደነቀው ዴድሎኩ እስኪደርስ አለመጠበቁ ነው። ሀ ከለ በፊት መያዙን አንድ ጊዜ፣ ለ ከሀ በፊት መያዙን ከሰዓታት በኋላ በሌላ ትሬድ አንድ ጊዜ ካየ ይበቃዋል፤ ክቡ ሊገጥም እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ሜሞሪ ማስለቀቅንም እንደ ሎክ ቆጥሮ ስለሚመዘግብ፣ የእኔን የካርታ ሎክ ስሕተት ከሰሌዳው በፊት በዴስክቶፑ ላይ ባሳየኝ ነበር፤ ጥፋቱ ፍጥነት ይቀንሳል ብዬ ያጠፋሁት የእኔ ነው። በልማት ከርነልዎ ላይ ሁልጊዜ የበራ ይሁን።

ሎክዴፕ የሚከታተለው እያንዳንዱን ሎክ ሳይሆን የሎክ መደብን ነው፤ የአንድ ፋይል ሲስተም ሚሊዮን አይኖዶች ቢኖሩ ሎካቸው በመሠረቱ አንድ መደብ ነው። ስለዚህ ወላጅንና ልጅን አብሮ ሲይዙ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ይህን ለማስረዳት ንዑስ መደብ የሚባል ምልክት አለ። አደጋው ምልክቱ ማንኛውንም ጩኸት ዝም የሚያሰኝ መሆኑ ነው። ምልክቱን ከመጻፍዎ በፊት ሁለቱ ሎኮች በምን ደንብ እንደሚለያዩ በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻሉ፣ ሎክዴፑ ትክክል ነው።

ሌላም ሁለት ነገር ይታወቅ። ሎክዴፕ የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ ከሰጠ በኋላ ራሱን ያጠፋል፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ የጤንነት ምልክት አይደለም፤ ማሽኑ እንደገና መነሣት አለበት። እንዲሁም የፔጅ ሎክ በአንድ ቢት የሚያዝ ስለሆነ አያየውም፤ ከላይ ያልኩት የጆርናልና የፔጅ ክብ ከዓይኑ ያመልጣል። ለራስዎ መጠበቆች ግን ምልክት ሊሰጡት ይችላሉ፤ የኢኤክስቲ4 ጆርናል ትራንዛክሽን መክፈትን እንደ ሎክ የሚያስመዘግበው በዚህ መንገድ ነው።

ሎክዴፕ ያልተሄደበትን መንገድ ስለማያውቅ ኮዱ በሙሉ መሄድ አለበት። ለዚህ መጀመሪያ ለኤክስኤፍኤስ የተሠራውና ዛሬ የፋይል ሲስተም ጸሐፊዎች ሁሉ የሚጠቀሙበት ኤክስኤፍኤስ ቴስትስ አለ፤ ከእርሱ ጋር የሚመጣው ኤፍኤስ ስትረስ ፋይል መፍጠርን፣ ማዛወርን፣ መሰረዝንና መቁረጥን በዘፈቀደ እያቀላቀለ በብዙ ፕሮሰስ ያካሂዳል። አራት ሲፒዩና 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ብቻ በተሰጠው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያስኪዱት፤ ብዙ ሲፒዩ ግጭትን ያበዛል፣ ጥቂት ሜሞሪ ማስለቀቂያውን ያስነሣል። እዚህ ሰፈር መብራት ሳይነግር ስለሚሄድ የጆርናል ማገገሚያዬ በነጻ ይፈተናል፤ የሌሊት የዴድሎክ ፍተሻዬ ግን በዚያው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ረጅሙን ሩጫ በአጫጭር ዙሮች ከፍዬ፣ የእያንዳንዱን ዙር የዘፈቀደ መነሻ ቁጥር እየመዘገብኩ ነው የማስኬደው።

ማሽኑ ከቆመ በኋላ

ወዲያው አያጥፉት። በሲስአርኪው፣ ማለትም በከርነሉ የአስቸኳይ ጊዜ ትእዛዝ መቀበያ፣ የደብልዩን ፊደል መላክ የታገዱትን ፕሮሰሶች ሁሉ ከነጥሪ ዝርዝራቸው ያሳያል፤ ሎክዴፕ በርቶ ከሆነ የዲ ፊደል ደግሞ ማን የትኛውን ሎክ እንደያዘ ይናገራል። ንባቡን ከሎኩ ያዥ ይጀምሩ። ታግደው የሚታዩት ሃያ ፕሮሰሶች ቢሆኑ አሥራ ስምንቱ ወረፋ ጠባቂ ብቻ ናቸው፤ ክቡን የሠሩት ይዘው የሚጠብቁት አንድ ወይም ሁለት ናቸው። ያዡ ምን እየጠበቀ እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሚጠብቀው ሎክ ካልሆነ ሜሞሪን፣ ጆርናልንና ፔጅን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠርጥሩ።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ጽሑፉ የሚወጣበት ቦታ ካለ ነው። በደንበኛው ሰሌዳ ላይ መጀመሪያ የተፈጠረውን የጥሪ ዝርዝር አላገኘሁትም፤ ሎጉ የሚጻፈው በቆመው ፋይል ሲስተም ላይ ነበርና ሎግ ጸሐፊው ራሱ ከታገዱት መካከል ተሰልፎ ነበር። ስለዚህ የሙከራ ማሽን የከርነል መልእክት በሲሪያል ወደብ ወይም በኔትኮንሶል ወደ ሌላ ማሽን ይላክ፤ አንድ ሼል አስቀድሞ ተከፍቶ ይቆይ፤ የሚያስፈልጉት ጥቂት ትእዛዞችም ዲስክ ከማይነካው ቲኤምፒኤፍኤስ ላይ ተቀድተው ይቀመጡ። አለበለዚያ ምርመራውን የሚጀምረው የመጀመሪያ ትእዛዝ ከተቆለፈው ዲስክ ሊነበብ ሄዶ እዚያው ይቀራል።